የፊደል አደራ

ሰው ሲያነብ ፊደል አያይም፤ ቃል ያያል። ዐይኑ በመስመሩ ላይ ሲሄድ «ደብዳቤ» የሚለውን ቃል ደ፣ ብ፣ ዳ፣ ቤ እያለ አይቆጥረውም፤ መልኩን ከሩቅ እንደሚያውቀው ወዳጅ አንድ ጊዜ አይቶ ያልፈዋል። ይህን ችሎታ በልጅነታችን በብዙ ድካም ገዝተነዋል፤ ካገኘነው በኋላ ግን ድካሙን ረሳነው።

ኮምፒዩተር ይህን ችሎታ ከቶ አያገኝም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «ዋጋ = ብር * 12 + 5።» ብሎ ሲጽፍ ለእርሱ የሚታየው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለማሽኑ የሚደርሰው ግን ተከታትሎ የሚመጣ የቁጥር ሰልፍ ብቻ ነው። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ «ይህ ስም ነው፤ ይህ ምልክት ነው፤ ይህ ቁጥር ነው» እያለ ቃልን ከቃል የሚለይ አንድ አገልጋይ በደጁ ላይ ይቀመጣል። ባለሙያዎች ሌክሰር ይሉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ቃል ለቃሚ እያልሁ እጠራዋለሁ፤ ፊደል በፊደል እየለቀመ ቃል ሠርቶ ከበስተኋላው ለተቀመጠው ለፓርሰሩ፣ ማለትም ለሰዋስው መርማሪው፣ ያስረክባልና።

ከጥቂት ወራት ወዲህ በትርፍ ጊዜዬ አንዲት ትንሽ የሒሳብ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ስሞቿ በአማርኛ ይጻፋሉ፤ ዐረፍተ ነገሯም በአራት ነጥብ ይዘጋል። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው የሚባለው ክፍል፣ ፊደልን ከፋይል ተቀብሎ ማንበብ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። ሰዋስው የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ትርጉም የሚያወጣም ብዙ ነው። ነገር ግን ፊደሉ በደጅ ካልታወቀ ሰዋስውም ትርጉምም አይጀመርም።

በንባብ ቤት ያለፈ ሰው የቃል ለቃሚውን ኑሮ በቀላሉ ይረዳዋል። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ በግእዝ ንባብ ይጀምራል፤ በስንደዶ እያመለከተ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይጠራል። ቀጥሎ በውርድ ንባብ ፊደሉን ከፊደል በዜማ ያያይዛል። በመጨረሻ ወደ ቁም ንባብ ይደርስና እንደ ዐዋቂ ያነባል። ቃል ለቃሚው ዕድሜውን ሙሉ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚኖር ተማሪ ነው። ስንደዶውን ከእጁ አያስቀምጥም፤ የነካውን ፊደል ሁሉ ይጠራል፤ ሰው የማያስተውለውን ባዶ ቦታ እንኳ አይዘልልም። ከኮምፓይለሩ ክፍሎች ሁሉ የጽሑፉ እያንዳንዱ ፊደል በእጁ የሚያልፍ እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ከሰዋስው መርማሪው ለይቶ ለራሱ ባለቤት መስጠት የቆየ ብልሃት ነው። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አንድ የኮቦል ኮምፓይለር ባሳተመው ጽሑፍ የኮምፓይለሩን ክፍሎች ኮሩቲን ብሎ በሰየመው አኳኋን አገናኛቸው። አንዱ ቃል ሲያስፈልገው ሥራውን አቁሞ ለሌላው ተራ ይሰጣል፤ ያኛውም ቃሉን አስረክቦ ካቆመበት ቦታ ላይ ይጠብቃል። ከመካከላቸው ጌታና ሎሌ የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ዐይን ዋና ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት በቤል ላቦራቶሪ «ሌክስ» የተባለውን መሣሪያ አወጡ፤ የቃሉን ቅርፅ በደንብ የገለጸለትን ሰው ቃል ለቃሚ ጽፎ ይሰጠው ጀመር። እኔ ግን የራሴን በእጄ መጻፍ መረጥሁ፤ የፊደልን መንገድ በዐይኔ ለማየት ስል።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ አንድ ቃል መጨረሻው የሚታወቀው የእርሱ ባልሆነ ፊደል ነው። ቃል ለቃሚው 1፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 5 አነበበ እንበል። ቁጥሩ መቶ ሃያ አምስት ነውን? ገና አያውቅም። የሚቀጥለው 7 ቢሆን ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፊደል አልፎ ማየት አለበት፤ አልፎ ሲያይ የመደመር ምልክት ቢያገኝ ቁጥሩ እንዳበቃ ያውቃል። ነገር ግን ያ የመደመር ምልክት የቁጥሩ ገንዘብ አይደለም፤ የሚቀጥለው ቃል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይመልሰዋል። ተበድሮ ያየውን ፊደል ሳይመልስ የሚቀር ቃል ለቃሚ በእኛ አነጋገር አደራ በላ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው መርማሪ ሁለት ቁጥሮች ያለ ምልክት ተጎራብተው ያገኝና፣ ጸሐፊው ያላጠፋውን ጥፋት በጸሐፊው ላይ ይፈርዳል።

በሲ ቋንቋ ለዚህ አደራ ምላሽ የሚሆን ትእዛዝ አለ፤ አንጌትሲ ይባላል። ነገር ግን የቋንቋው ደንብ ዋስትና የሚሰጠው አንድ ባይት ብቻ ለመመለስ ነው። ለላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃል፤ ለእኛ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ደንብ ቃል ለቃሚው ሁልጊዜ ረጅሙን ቃል እንዲመርጥ ያዝዛል። የ«ያንሳል» ምልክት < አግኝቶ ቀጥሎ = ቢያይ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ <= ብሎ ያስረክባል። ደንቡ ጠቃሚ ነው፤ ጭካኔም አለበት። በሲ ቋንቋ ደንብ «ሀ+++++ለ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሰው ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሀ++ + ++ለ» ብሎ ሊፈታውና ትርጉም ሊያገኝበት ይችላል። ቃል ለቃሚው ግን ረጅሙን እየመረጠ «ሀ ++ ++ + ለ» ብሎ ይቆርጠዋል፤ መርማሪውም ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል። ቃል ለቃሚው ትርጉም አይጠይቅም፤ መቁረጥ ብቻ ነው ሥራው። አቆራረጡ ግን ትርጉሙን ይወስናል።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህን እናውቀዋለን። «ወርቅነሽ» ብለን ገጥመን ብንጽፍ የአንዲት ሴት ስም ነው፤ «ወርቅ ነሽ» ብለን ብንለየው ለአንዲት ሴት የተነገረ ውዳሴ ነው። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው ባዶ ቦታ ናት ስሙን ወደ ዐረፍተ ነገር የለወጠችው። ባዶ ቦታ ምንም አይደለም የሚል ሰው ከአማርኛ ጋር ገና አልተዋወቀም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ከአይቢኤም የወጣው ፎርትራን ግን ባዶ ቦታ ምንም አይደለም ብሎ ተነሣ። በዚያ ቋንቋ ጸሐፊው በቃሉ መካከል ክፍተት ቢተው ባይተውም ለኮምፓይለሩ አንድ ነበር። «ዱ 10 አይ = 1,10» የሚል መስመር ሥራን ከአንድ እስከ ዐሥር ድረስ ደጋግም የሚል ትእዛዝ ነው። በኮማዋ ፈንታ ነጥብ ገብታ «ዱ 10 አይ = 1.10» ቢሆን ግን ትእዛዙ ይጠፋል፤ «ዱ10አይ» የተባለ ስም ላለው ተለዋዋጭ አንድ ነጥብ ዐሥር የሚል ዋጋ መስጠት ይሆናል። እንግዲህ ያ ቃል ለቃሚ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች ትእዛዝ ይሁኑ የስም ክፍል ለማወቅ እስከ ኮማዋ ድረስ መሄድ ነበረበት፤ አንድ ፊደል አልፎ ማየት አልበቃውም። ነጻው የፎርትራን አጻጻፍ ከፎርትራን 90 ጋር ሲመጣ ባዶ ቦታ ክብሩን አገኘ።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ፍጻሜ ነው። በሲ ቋንቋ ከፋይል አንድ ፊደል አምጣ ሲባል የሚመጣው ከ0 እስከ 255 ካሉት ዋጋዎች አንዱ ነው፤ ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ዓይነት መልስ ማለት ነው። ፋይሉ ሲያልቅስ ምን ይመለሳል? ማለቅ ፊደል አይደለም፤ ከፊደሎቹም አንዱን ለማለቅ ምልክት ብናደርገው ያ ፊደል ዳግመኛ ሊነበብ አይችልም። ስለዚህ ሁለት መቶ ኀምሳ ሰባተኛ መልስ ያስፈልጋል። የቋንቋው ሠሪዎች ከፊደል የሰፋ የቁጥር ዕቃ መርጠው ለማለቅ ከዜሮ በታች የሆነ ዋጋ ሰጡ፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከዜሮ በታች አንድ ነው። መልሱን ለፊደል ብቻ በሚበቃ ጠባብ ዕቃ የሚቀበል ሰው ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ 255ን ሲያይ ጽሑፉ ሳያልቅ አለቀ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ጽሑፉ አልቆ እያለ ለዘለዓለም ያነባል። ዝምታን ከንግግር ለመለየት ጆሮ ከንግግሩ ሰፋ ማለት እንዳለበት ከዚህ ተረዳሁ።

አሁን ወደ ፊደላችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ መቶ ሃያ ስምንት ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ የእኛ ፊደል በዚያ ውስጥ አልነበረም። ኋላ ኮምፒዩተር ወደ አገራችን ሲገባ የአማርኛ ጽሑፍ መሣሪያ የሠሩ ባለሙያዎች በየራሳቸው መንገድ ፊደሉን በላቲን ቦታዎች ላይ አሰፈሩት። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ዝብርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ የግእዝን ፊደል ሲያስገባ ሀ ቋሚ ቁጥር አገኘች፤ 4608። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትም ቦታ ሀ ናት።

ቁጥሩ በፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ግን ተከፋፍሎ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባዘጋጁት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139፤ 225፣ 136፣ 157። አንባቢዬ እንደሚያየው ሦስቱም በ225 ይጀምራሉ። ከሀ እስከ ፐ ያለው የተለመደው የፊደል ገበታ ሁሉ በዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው፤ 225 የቤተ ሰቡ ስም እንደ ማለት ነው።

ከላይ ያቆየሁት የአደራ ነገር አሁን ይመጣል። ቃል ለቃሚው «ብር» የሚለውን ስም አንብቦ ቀጥሎ 225ን ቢያይ፣ የመጣው ሌላ ፊደል ይሁን ወይስ አራት ነጥብ አያውቅም፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና። ለማወቅ ሦስቱንም ባይት ማንበብ አለበት። አራት ነጥብ ሆኖ ቢያገኘው ሦስቱንም መመለስ አለበት፤ የሲ ዋስትና ግን ለአንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃል ለቃሚዬ የተበደረውን የሚያኖርበት የራሱ ትንሽ ጎተራ ተሠራለት።

ሌላም አለ። ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ባይት አይቀዳም፤ በባልዲ ይቀዳል፤ ባልዲው ብዙ ጊዜ 4096 ባይት ይይዛል። በአማርኛ ፊደል ብቻ የተሞላ ጽሑፍ ቢሆን በዚያ ባልዲ ውስጥ 1365 ሙሉ ፊደሎች ይገቡና አንድ ባይት ይተርፋል። ያ የተረፈው የሚቀጥለው ፊደል አንድ ሦስተኛ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ገና በፋይሉ ቀርቷል። ቸኩሎ የሚያነብ ቃል ለቃሚ ይህን ስባሪ እንደ ሙሉ ፊደል ቆጥሮ ጽሑፉ ተበላሽቷል ይላል። የሚታገሠው ግን ስባሪውን ይዞ ሁለተኛው ባልዲ እስኪቀዳ ይጠብቃል። ደግነቱ የዩቲኤፍ-8 ሠሪዎች ተከታይ ባይቶችን ሁሉ ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ ስላደረጓቸው፣ ከፊደል መካከል ድንገት የወደቀ አንባቢ እንኳ ጥቂት ወደ ኋላ ቢል የፊደሉን ራስ ያገኛል።

ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ከተነበበ በኋላ «ይህ ምን ዓይነት ፊደል ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በድሮው ቃል ለቃሚ መልሱ አጭር ነበር፤ በላቲን ፊደል ገበታ ውስጥ ካለ ፊደል ነው፤ ከሌለ እንግዳ ነው። አማርኛችን በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ታሸገ ዕቃ ማለፍ ይፈቀድለት ነበር እንጂ ለስምነት አይበቃም ነበር። ጃቫ ከመነሻው፣ ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ይህን በር ከፈቱ፤ ዛሬ በፓይተን «ዋጋ» የሚል ተለዋዋጭ መሰየም ይቻላል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን የደጃፉን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። በፓይተን «ስም፩» የተፈቀደ ስም ነው፤ «ስም፲» ግን አይፈቀድም። ምክንያቱ ሩቅ ነው። ዩኒኮድ በቀድሞ እትሞቹ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን እንደ ተራ አኃዝ ቆጥሯቸው ስለ ነበር በስም ውስጥ መግባት ይችሉ ነበር። የእኛ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ዐሥሩም መቶውም የየራሱ ምልክት አለው። ስለዚህ ዘጠኙ ኋላ ከተራ አኃዝ መደብ ወጡ፤ የቀድሞ ጽሑፎች እንዳይበላሹ ሲባል ግን ፈቃዳቸው ቀጠለ። ፲ ያን ፈቃድ ከመጀመሪያውም አላገኘም።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ የሁለት ነጥብ ጉዳይ ነው። በብራና መጻሕፍትም በቆዩ ደብዳቤዎችም ቃልን ከቃል የሚለየው ፡ ነበር። አባቴ ደብዳቤ ሲጽፉ በየቃሉ መካከል ሁለቱን ነጥብ ጠብ ሳያደርጉ አያልፉም ነበር፤ ያለ እርሷ ቃሉ ያልተዘጋ በር ይመስላቸው ነበር። ዩኒኮድ ይህችን ምልክት ስሟን የቃል ክፍተት ብሎ ሰይሟታል፤ በመደብ ግን ከሥርዓተ ነጥቦች ጋር እንጂ ከባዶ ቦታዎች ጋር አልቆጠራትም። ስለዚህ የዩኒኮድን መደብ የሚከተል ቃል ለቃሚ ፡ ሲያጋጥመው ክፍተት ነው ብሎ አያልፋትም፤ የማላውቀው ምልክት ነው ብሎ ይቆማል። መደቡን ያወጡት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ምልክቷ በቀለም ትታያለች፤ የሚታይ ነገርም ባዶ አይባልም። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሥራዋ ክፍተት መሆን ነው፤ መታየቷ ሥራዋን አይለውጠውም። በእኔ ትንሽ ቋንቋ ፡ ክፍተት ናት። ይህን ለማድረግ አንድ መስመር ብቻ በቃኝ።

ሞክሼ ፊደላትስ? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለአንባቢ አንድ ፀሐይ ናቸው፤ ለቃል ለቃሚ ግን አራት የተለያዩ ስሞች። አንድ ወዳጄ «ሁሉንም በደጁ ላይ አንድ አድርጋቸው» ብሎ መከረኝ። ምክሩ ቀና ነው፤ ግን አልተቀበልሁትም። ሠዐለ ሥዕል መሥራት ነው፤ ሰአለ መለመን ነው፤ ልዩነቱን ጠብቆ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ። ከደጅ የተቀመጠ አገልጋይ የመጣውን እንዳለ ማስረከብ እንጂ የጸሐፊውን ፊደል ማረም አይገባውም። ይልቅስ ከበስተኋላ ያለው ክፍል ሁለት ሞክሼ ስሞች ሲያይ «እነዚህ አንድ ናቸውን?» ብሎ ጸሐፊውን ይጠይቅ። ጥያቄ አደራን አያጎድልም፤ በዝምታ መለወጥ ግን ያጎድላል።

ፊደል ፊደል መሆኑ፣ ክፍተት ክፍተት መሆኑ፣ አኃዝ በስም ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ ሁሉም አንድ ቀን በሰዎች የተወሰነ ነው። ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች ያላዩት ጽሑፍ ነበር፤ ያዩትንም በራሳቸው ልማድ መዘኑት። ይህን ሳውቅ ቅሬታ ብቻ አይሰማኝም፤ የሥራ ፍላጎትም ያድርብኛል። ሰው የወሰነውን ሰው ማሻሻል ይችላልና። ፕሮግራም የምትማር ወጣት ብትኖር ይህን ክፍል ለተዘጋጀ መሣሪያ ከመተዋ በፊት አንድ ጊዜ በእጇ ትጻፈው። አንድ ባይት ትቀበል፤ ሦስቱን ገጥማ ፊደል ታድርግ፤ የቃሉን መጨረሻ አልፋ ትይ፤ የእርሷ ያልሆነውን ትመልስ። ከዚያም በሁለት ነጥብ የተለያየ አንድ መስመር አማርኛ ታቅርብለትና ቃል በቃል ለይቶ ሲያስረክባት ትመልከት።